የይዲሽ አጫጭር ልቦለዶችና የሻንግሃይ መንፈሳዊ ማተሚያ ቤቶች ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በይዲሽ የጻፏቸውን አጫጭር ልቦለዶች ማንበብ ጀምሬያለሁ። በቅርቡ አንድ ወዳጄ እነዚህን ልቦለዶች በ1920ዎቹ ወደ ቻይንኛ አስተርጉሞ ያወጣቸው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያትም የሚስዮን ማተሚያ ቤት ነው አለኝ። እውነት ነው? ሁለቱስ ምን አገናኛቸው? ሃይማኖቱ በልቦለዱ ላይ ያመጣው ነገር አለ? ከየት ማንበብ እንዳለብኝም ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦ ሰላም ወንድሜ። ወዳጅህ የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። ልቦለዶቹን ያወጣቸው ራሱ የሚስዮን ማተሚያ ቤት አልነበረም። ከሚስዮን ማተሚያ ቤት ሙያ ተምረው የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። የኅትመት ታሪክ ሙያዬ ስለሆነና ይህ ጉዳይ ከምወዳቸው አንዱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከማተሚያ ቤቱ እንጀምር። ዊሊያም ጋምብል የሚባል የኅትመት ባለሙያ በ1858 ኒንግቦ ወደምትባለው የቻይና የወደብ ከተማ መጣ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ማተሚያ ቤትን እንዲመራ ነበር የተላከው። በ1860 ማተሚያ ቤቱን ወደ ሻንግሃይ አዛወረው። የገጠመው ችግር ቀላል አልነበረም። የቻይንኛ ጽሕፈት በሺዎች የሚቆጠር ምልክት አለው። ፊደል ለቃሚው አንድ ገጽ ለመደርደር ከሳጥን ወደ ሳጥን ሲመላለስ ይውላል። እያንዳንዱን ምልክት በብረት ቀርጾ ማውጣት ደግሞ ዘመን የሚፈጅ፣ ገንዘብ የሚበላ ሥራ ነው። ጋምብል የእንጨት ቅርጹን በኤሌክትሪክ ዘዴ መዳብ እያለበሰ እናት ፊደሉን፣ ማለትም እርሳሱ የሚፈስበትን ቅርጽ፣ ማውጣት ጀመረ። በዚህ ዘዴ ትንንሽና ጥርት ያለ ፊደል በርካሽ ተገኘ። ቀጥሎ መጽሐፍ ቅዱሱንና ሚስዮኑ ያሳተማቸውን ሌሎች መጻሕፍት ገጽ በገጽ አስቆጠረ። የትኛው ምልክት ስንቴ እንደሚመጣ ማወቅ ፈልጎ ነው። ከአምስት ሺህ የሚበልጡ የተለያዩ ምልክቶች ተገኙ፣ በየገጹ እየደጋገሙ የሚመጡት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። እነዚያን ፊደል ለቃሚው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት አስቀመጣቸው፣ ብርቅዬዎቹን ዳር አደረጋቸው። የሥራው ፍጥነት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ በቻይና ጋዜጣ ከጀመሩት፣ የትምህርት መጽሐፍ ካተሙት ብዙዎቹ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተብሎ ከተሠራው ከዚህ ዘዴና ከዚህ ፊደል ተጠቅመዋል።

አሁን ወደ 1897 እንለፍ። ሺያ ሩዊፋንግ፣ ሁለቱ የባዎ ወንድማማቾችና ጋዎ ፌንግቺ የሚባሉ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ሻንግሃይ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ቤት ከፈቱ። ሙያውን ያገኙት በሚስዮን ትምህርት ቤትና በሚስዮን ማተሚያ ቤት ነው። ስሙን ኮሜርሻል ፕሬስ አሉት። መጀመሪያ የንግድ ቤት ወረቀቶችንና የሒሳብ ደብተሮችን ነበር የሚያትመው። ቀጥሎ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አወጣ። ብዙም ሳይቆይ የአገሪቱ ትልቁ አሳታሚ ሆነ። በ1910 «ሺያውሹዎ ዩዌባዎ» የተባለ የልቦለድ ወርሃዊ መጽሔት ጀመረ። በጥር 1921 የመጽሔቱ አዘጋጅነት ለወጣቱ ደራሲ ለማዎ ዱን ተሰጠ። እሱም መጽሔቱን ከሥሩ ለወጠው። የዚያው ዓመት የጥቅምት እትም የተዘጋጀው በሙሉ ስለ ተጨቆኑ ሕዝቦች ሥነ ጽሑፍ ነበር፣ ማዎ ዱን ስለ አዲሱ የአይሁድ ሥነ ጽሑፍ የጻፈው ሰፊ ዳሰሳም ወጣበት። አዲሱ የአይሁድ ሥነ ጽሑፍ ሲል ይዲሹን ማለቱ ነው። ወዳጅህ የሰማው ታሪክ የሚነሣው ከዚህ ይመስለኛል።

መጽሐፉ የወጣው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሉ ያን የተባለ ወጣት ጸሐፊ የታላላቆቹን የይዲሽ ደራሲዎች የሾሌም አሌይኸምን፣ የፔሬትዝንና የሌሎችን ልቦለዶች ተርጉሞ በ1926 በአንድ ጥራዝ አሳተመ። አሳታሚው ካይሚንግ የሚባለው ቤት ነው፣ እሱንም የመሠረተው ቀድሞ በኮሜርሻል ፕሬስ አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው። ሉ ያን ይዲሽ አያውቅም ነበር። የተረጎመው ኤስፔራንቶ ከሚባለው ሰው ሠራሽ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ነው። ቤጂንግ ሳለ ኤሮሼንኮ ከሚባለው ዓይነ ስውር ሩሲያዊ ገጣሚ ዘንድ ኤስፔራንቶ ተማረ። ኤስፔራንቶን የፈጠረው ዛመንሆፍ ደግሞ የቢያሊስቶክ አይሁድ ነው፣ ራሱም ስለ ይዲሽ ሰዋስው የጻፈ ሰው። እንግዲህ ተመልከት። በሩሲያ ግዛት የይዲሽ ከተሞች ውስጥ የተጻፈ ልቦለድ፣ ከነዚሁ ከተሞች በወጣ ሰው በተፈጠረ ቋንቋ አልፎ፣ በዓይነ ስውር ሩሲያዊ አስተማሪ በኩል ሻንግሃይ ደረሰ።

ለምን ይዲሽ? ቻይናዎቹ ወጣቶች ከዓለም ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ይህን ለምን መረጡ? አንዱ ምክንያት ማዎ ዱን በመጽሔቱ ላይ በግልጽ ያሰፈረው ነው፤ የተጨቆነ ሕዝብ ድምፅ መሆኑ። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ግን የቋንቋው ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ በቻይና ትልቁ ክርክር በጥንታዊው የሊቃውንት ቋንቋ እንጻፍ ወይስ ሕዝቡ በሚናገረው የሚል ነበር። ምሁሩ ሁ ሺ በ1917 ለሕዝቡ ቋንቋ ተከራከረ። ደራሲው ሉ ሹን በ1918 በዚያው ቋንቋ የመጀመሪያውን ታዋቂ ልቦለዱን አሳተመ። አይሁዶችም ተመሳሳይ ክርክር ውስጥ ነበሩ፤ ዕብራይስጥ ወይስ ይዲሽ? በ1908 ቼርኖቪትዝ ላይ ፔሬትዝ ራሱ የተገኘበት ጉባኤ ተደርጎ ይዲሽ ከአይሁድ ሕዝብ ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው የሚል ውሳኔ ወጣ። የቻይና ወጣቶች ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ጥያቄ የመለሰ ሕዝብ አገኙ። ሲናቅ የኖረ የቤትና የገበያ ቋንቋ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ትልቅ ሥነ ጽሑፍ ሲያወጣ አዩ።

እዚህ ላይ የመጽሐፍ ቅዱሱ ነገር ተመልሶ ይመጣል። የማዎ ዱን መጽሔት በጥር 1921 እትሙ የጆው ዙዎረንን ንግግር አውጥቷል፣ ርእሱም ስለ መጽሐፍ ቅዱስና ስለ ቻይና ሥነ ጽሑፍ ነው። ጆው የሉ ሹን ወንድም ነው፣ ክርስቲያን አልነበረም። ያለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በሕዝቡ ቋንቋ የተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ለአዲሱ ሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ትልቅ እገዛ ያደርጋል፣ ራሱም ጥሩ ጽሑፍ ነው። ታዋቂው የኅብረት ትርጉም የተባለው የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ የወጣው በ1919 ነው፤ የግንቦት አራት ንቅናቄ የተባለው የቻይና ወጣቶች የለውጥ እንቅስቃሴ በተነሣበት በዚያው ዓመት።

የኅብረቱ ተርጓሚዎች ብሉይ ኪዳንን ሲሠሩ ከፊታቸው የአንድ ሰው ሥራ ነበረ። የዚህን ሰው ሕይወት ባወራሁ ቁጥር አልጠግበውም። ሳሙኤል አይዛክ ጆሴፍ ሸረሼቭስኪ ይባላል። በ1831 በሊትዌኒያዋ ታውራጌ ከተማ ተወለደ፣ በይዲሽ ተናጋሪ አይሁዶች መካከል አደገ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጣ። ራቢ እንዲሆን ዚቶሚር ወደሚገኘው የራቢዎች ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያ ሳለ በዕብራይስጥ የተተረጎመ አዲስ ኪዳን እጁ ገባ። እሱም የሚስዮን ኅትመት መሆኑን ልብ በል። ከዚያ ወደ ብሬስላው፣ በ1854 ወደ አሜሪካ ሄደ። ክርስትና ተነሣ፣ በኤጲስቆጶሳዊቷ ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆኖ በ1859 ወደ ቻይና ተሳፈረ።

ቤጂንግ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጦ ብሉይ ኪዳንን በሙሉ ብቻውን ከዕብራይስጥ ወደ ቻይንኛ መለሰ። በሊቃውንቱ ቋንቋ አልነበረም፣ ሰዉ በሚናገረው ማንዳሪን ነው። በ1870ዎቹ አጋማሽ ታትሞ ወጣ። ከሱ በፊት የነበሩት ተርጓሚዎች ዕብራይስጥን ያወቁት ካደጉ በኋላ በኮሌጅ ነው፤ እሱ ገና በልጅነቱ ኦሪትን ከነማብራሪያዋ ያጠና ሰው ነበር። በ1877 ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። በ1879 ሻንግሃይ ላይ ቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅን አቋቋመ። በ1881 በዉቻንግ ሙቀት ታሞ ሰውነቱ ሽባ ሆነ፣ ከጵጵስናውም ለቀቀ።

እዚህ ላይ ሥራው ያበቃ ነበር። አላበቃም። ሁለት ጣቶቹ ብቻ እየታዘዙለት በጽሕፈት መኪና ላይ ቻይንኛውን በላቲን ፊደል ይመታል፣ ቻይናዊ ጸሐፊዎች ደግሞ ወደ ቻይንኛ ምልክት ይገለብጡታል። ይህን ለዓመታት አደረገ። በቀላል የጽሑፍ ቻይንኛ የተሠራው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በ1902 ወጣ። ሰዉም የሁለት ጣት መጽሐፍ ቅዱስ ይለዋል። ሸረሼቭስኪ በ1906 ቶኪዮ ውስጥ አረፈ። ስለዚህ ሉ ያን በ1926 የይዲሽ ልቦለድ ሲተረጉም የተጠቀመበት የተለሳለሰ የንግግር ቻይንኛ፣ በይዲሽ ባደገ ሰው እጅም አልፎ የመጣ ቋንቋ ነው ብል አላጋንንም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታብህ። ሚስዮናውያኑ የሕዝቡን የጽሑፍ ቋንቋ ፈጠሩ የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም። ቻይናዎች በንግግር ቋንቋ ትልልቅ ልቦለድ መጻፍ የጀመሩት ከመቶዎች ዓመታት በፊት ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ያደረገው ሌላ ነው። የንግግር ቋንቋ ለመዝሙር፣ ለትንቢትና ለነገረ መለኮት እንደሚሆን አሳየ። ከልቦለድ ውጭ ለከበደ ነገርም ይበቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ቅጂ አገሩን ሁሉ እንዲያዳርስ የሚያደርግ ድርጅት ነበረው።

በነገራችን ላይ ይኸው መንገድ በኛም አገር አልፏል። በ1804 የተቋቋመው የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1823 ለወጣው ለሚስዮናዊው ለሮበርት ሞሪሰን የቻይንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገንዘብ ሰጥቷል። አባ አብራም የተባሉት አቡ ሩሚ ካይሮ ላይ የተረጎሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ጽሑፍም ገዝቶ በ1840 ሙሉውን ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው።

አሁን ወደ ይዲሽ ወገን እንሻገር፤ ምክንያቱም እዚያም ልቦለዱ የወጣው ከመንፈሳዊ ማተሚያ ቤት ነው። ዕብራይስጥ የጸሎትና የሊቃውንት፣ ይዲሽ የቤት ቋንቋ ነበር፣ የሚጻፉት ግን በአንድ ፊደል ነው። ለጸሎት መጽሐፍ የተቀለጠ የእርሳስ ፊደል ለተረትም ይሆናል። ዕብራይስጥ ለማያነቡ ሴቶችና ተራ ወንዶች በይዲሽ የሚዘጋጁ የጸሎትና የኦሪት ትርጓሜ መጻሕፍት ከ16ኛውና ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በየቤቱ ነበሩ። አንባቢው የተፈጠረው በነዚህ ነው። በ1815 የብራትስላቩ ራቢ ናኽማን ተረቶች ታተሙ፤ ከላይ ዕብራይስጥ፣ ከታች ይዲሽ። የንጉሥ ልጅ ጠፋች፣ አገልጋዩ ሊፈልጋት ወጣ ብለው የሚጀምሩ፣ በውስጣቸው ግን ስለ ነፍስና ስለ አምላክ የሚናገሩ ተረቶች ናቸው። ብዙ የይዲሽ ደራሲዎች ከዚህ ምንጭ ቀድተዋል።

ቪልና ከተማ ውስጥ ሮም የሚባል የቤተሰብ ማተሚያ ቤት ነበር። በ1880ዎቹ ያወጣው ታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ የሕግና የትርጓሜ ታላቅ መጽሐፍ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኞቹ የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የገጽ አቀማመጡን የሚከተሉት ነው። ይኸው ቤት ነው አይዚክ ሜየር ዲክ የሚባለውን ደራሲ ቀጥሮ ትንንሽ የይዲሽ የልቦለድ መጻሕፍት ያስጻፈው። ገዢዎቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ። መጻሕፍቱን በየመንደሩ የሚያደርሱት ጋሪ ጭነው የሚዞሩ መጽሐፍ ሻጮች ናቸው፤ በአንድ ጋሪ ላይ የጸሎት መጽሐፍም፣ የጸሎት ሻልም፣ የአሥር ገጽ ልቦለድም ይጫናል። ደራሲው ሜንዴሌ በ1864 የመጀመሪያውን የይዲሽ ልቦለዱን ሲያወጣ ተራኪ ያደረገው እንዲህ ያለውን ዞሮ ሻጭ ነው። ጥሩ ምርጫ ነበር፣ አንባቢው ሁሉ ያውቀዋልና።

የፔሬትዝ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1890ዎቹ አጋማሽ ዋርሶ ላይ መጽሔት ማውጣት ፈለገ። የዛሩ መንግሥት ለይዲሽ መጽሔት ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ እያንዳንዱን እትም ራሱን የቻለ የበዓል መጽሐፍ አስመስሎ አወጣው፤ አንዱ በፋሲካ ስም፣ ሌላው በሌላ በዓል ስም። ሽፋኑን ያየ ሳንሱር ለበዓል የሚነበብ የሃይማኖት ነገር ይመስለዋል። ውስጡ ስለ ሠራተኛ መብት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ጉልበት ብዝበዛ የሚናገሩ ልቦለዶችና መጣጥፎች አሉ። ልቦለድ የመንፈሳዊ ኅትመትን ልብስ ለብሶ ገበያ ሲወጣ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

እንግዲህ ሃይማኖቱ በልቦለዱ ላይ ያመጣው ነገር አለ ወይ ላልከው፦ በይዲሹ በኩል በጣም አለ፣ በቅርጹ። ፔሬትዝ በ1900 የጻፈውን የኔሚሮቩን ራቢ ታሪክ እንይ። ከአዲስ ዓመት በፊት ባሉት የንስሐ ሌሊቶች ራቢው ይጠፋል። ተከታዮቹ ወደ ሰማይ ወጥቶ ነው ይላሉ። ይህን የማያምን አንድ ሊትዌኒያዊ አይሁድ ራቢው አልጋ ሥር ተደብቆ ያድራል። ሌሊት ራቢው ይነሣል፣ የገበሬ ልብስ ይለብሳል፣ ጫካ ገብቶ እንጨት ይፈልጣል፣ ተሸክሞ ለአንዲት በሽተኛ መበለት ያደርሳል፣ ምድጃዋን እያነደደ የንስሐ ጸሎቱን ይደግማል። ሊትዌኒያዊው በዚያው የራቢው ተከታይ ሆነ። ራቢው ሰማይ ይወጣል ወይ ሲባል ከዚያም ባይበልጥ ይላል። ይህ ቅርጽ ሐሲዶች የሚባሉት የአይሁድ መንፈሳዊ ንቅናቄ ተከታዮች ስለ ራቢዎቻቸው የሚተርኩት የቅዱሳን ገድል ነው። ተአምር ተጠበቀ፣ ምስክር ተደበቀ፣ ተአምሩ ታየ። ፔሬትዝ ገድሉን አላፈረሰውም፤ ተአምሩን ከሰማይ አውርዶ መጥረቢያ ላይ አደረገው። በአንባቢው ልብ ውስጥ ገድሉ ባይኖር ኖሮ ልቦለዱ አይሠራም ነበር።

በቻይንኛው በኩል ግን ይህ ሁሉ የደበዘዘ ይመስለኛል። በኤስፔራንቶ በኩል የመጣው ፔሬትዝ ሻንግሃይ ሲደርስ በዋናነት የድሆች ጠበቃ ነው፤ የሐሲዶቹን ዓለም የማያውቅ አንባቢ ገድሉን አያየውም። አይወቀስም፤ እሱ የሚፈልገው ሌላ ነበር።

ስለ ቻይና መንፈሳዊ ኅትመት ሲወራ ክርስቲያኑ ብቻ እንዳይመስልህ። እንዲያውም ትልቁ የቡድሃና የምግባር መጻሕፍት ኅትመት ነው፣ ታሪኩም ከሚስዮኑ ጋር የተጠላለፈ ነው። ሊያንግ ፋ የተባለ የሞሪሰን ተማሪ፣ ራሱ የእንጨት ቅርጽ ቀራጭ የነበረ ሰው፣ በ1832 የስብከት መጽሐፍ አወጣ። ያ መጽሐፍ ሆንግ ሺውቹዋን እጅ ገባ። ሆንግ በ1843 በጥሞና አንብቦት እኔ የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነኝ ወደሚል እምነት ደረሰ፤ እሱ ያስነሣው የታይፒንግ ጦርነት እስከ 1864 ድረስ ቢያንስ 20 ሚሊዮን ሰው ፈጀ። በዚያ ጦርነት የደቡቡ ገዳማትና ለዘመናት የተቀረጹት የቡድሃ መጻሕፍት የእንጨት ሰሌዳዎች ወደሙ። ያንግ ዌንሁዊ የተባለ ምእመን በ1866 ናንጂንግ ላይ የጂንሊንግ የቅዱሳት መጻሕፍት ማተሚያ ቤትን ያቋቋመው የጠፋውን መልሶ ለመቅረጽ ነው። በኋላ ለንደን በዲፕሎማትነት ሳለ ከጃፓናዊው ሊቅ ናንጆ ቡንዩ ጋር ተወዳጀ፣ በሱ በኩል በቻይና የጠፉ ወደ 300 የሚጠጉ መጻሕፍትን ከጃፓን አስመጣ። ማተሚያ ቤቱ ዛሬም በእንጨት ሰሌዳ እየቀረጸ ያትማል።

የገንዘቡ መንገድ ግን ከይዲሹ በጣም ይለያል። በቻይና የቡድሃም ሆነ የምግባር መጽሐፍ ማሳተም ጽድቅ ነው። ሀብታሙም ድሃውም ያዋጣል፣ የአዋጪዎቹ ስም ከነገንዘቡ መጠን መጨረሻው ገጽ ላይ ይሰፍራል፣ መጽሐፉ በነፃ ይታደላል። የይዲሽ ልቦለድ ግን ከመጀመሪያውም ተሽጦ የሚኖር ነው፤ ደራሲውም አሳታሚውም ሻጩም ከዚያ ይበላሉ። የጋዜጣ ዘመን ሲመጣ የይዲሽ ልቦለድ በፍጥነት የተስፋፋው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ኒው ዮርክ ላይ በ1897 የተመሠረተው ፎርቨርትስ ጋዜጣ በደህናው ዘመን በቀን ከ200 ሺህ ቅጂ በላይ ይሸጥ ነበር፣ አጭር ልቦለድም ዘወትር ያወጣል።

የቻይናው መንፈሳዊ ኅትመትና የይዲሹ ዓለም በአንድ ከተማ የተገናኙበት ጊዜም አለ። ሳይላስ ሃርዱን ባግዳድ የተወለደ አይሁድ ነው፣ ሻንግሃይ ውስጥ በመሬትና በቤት ንግድ ከከተማዋ ባለጸጎች አንዱ ሆነ። ሚስቱ ሉዎ ጂያሊንግ አጥባቂ ቡድሂስት ነበረች። በሱ ገንዘብ፣ በሷ ፍላጎት፣ ዞንግያንግ በሚባል መነኩሴ አዘጋጅነት የቻይና የቡድሃ መጻሕፍት ሙሉ ስብስብ ከ1909 እስከ 1913 በእርሳስ ፊደል ታተመ። ከ400 ጥራዝ በላይ ነው። ያው ሃርዱን በ1927 ቤት አሮን የሚባል ምኩራብ ለአባቱ መታሰቢያ አሠራ። እሱ ራሱ የባግዳድ አይሁድ ስለነበር ይዲሽ የሱ ቋንቋ አይደለም። በ1931 ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ምኩራቡ በይዲሽ ተናጋሪዎች ሞላ። ከናዚ የሸሹት ሚር የሺቫ የሚባለው የታልሙድ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ከሊትዌኒያ በጃፓን አልፈው በ1941 ሻንግሃይ ደረሱ፤ ቤት አሮን ውስጥ ቀን ከሌት ተማሩ። መጻሕፍት አልነበራቸውም። ቻይናዊ አታሚዎች የታልሙድን ገጾች ፎቶግራፍ እያነሡ ደግመው አተሙላቸው። አንዲት የዕብራይስጥ ፊደል የማያነቡ ሠራተኞች፣ አውሮፓ ውስጥ መጽሐፉም አንባቢውም እየተቃጠለ ባለበት ሰዓት ታልሙድ ያትሙ ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

ከነዚሁ ስደተኞች መካከል የይዲሽ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሻንግሃይ ውስጥ በይዲሽ ጋዜጣ ገጾች ወጥተዋል፣ ግጥምም ተጽፏል። ያዕቆብ ፊሽማን የስደተኞቹን ኑሮ የሚያሳዩ አጫጭር ልቦለዶቹን ከጦርነቱ በኋላ እዚያው ሻንግሃይ በመጽሐፍ አሳተመ። ብዙም አይነበብም፤ መነበብ ግን ይገባዋል። የኮሜርሻል ፕሬስ መጽሔት በዚያን ጊዜ አልነበረም። በጥር 1932 የጃፓን አውሮፕላኖች ማተሚያ ቤቱን ሲደበድቡ አብሮ ቆመ።

ከየት ልጀምር ላልከው፦ መጀመሪያ ፔሬትዝን አንብብ፤ የኔሚሮቩን ራቢና ዝምተኛውን ቦንትሼን። ቦንትሼ ሰማይ ላይ የፈለገውን እንዲመርጥ ሲፈቀድለት በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ በቅቤ የሚለምን ሰው ነው፤ የ1920ዎቹ ቻይናዎች ለምን በፔሬትዝ እንደተያዙ በአንድ ንባብ ይገባሃል። ቀጥለህ ሾሌም አሌይኸምን፣ በተለይ የወተት ሻጩን የቴቭየን ታሪኮች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰህ የራቢ ናኽማንን ተረቶች ስታነብ ፔሬትዝ ምን እንደወሰደና ምን እንደተወ በግልጽ ይታይሃል። በቻይና በኩል የሉ ሹንን የመጀመሪያ ልቦለዶች ከፔሬትዝ ጎን አስቀምጠህ አንብብ። አንዱ ከሌላው ቀዳ ለማለት አይደለም። ሁለቱም በቤት ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባድ ነገር ሲናገሩ አረፍተ ነገራቸውን እንዴት እንዳሳጠሩ እይ፣ ከዚያ ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝና እንነጋገርበታለን።